የግብ ቋሚ መሐላ

በአንድ ወቅት፣ ሸንኮራ አገዳ ከሰው ቁመት በልጦ በሚበቅልበት ቆላ፣ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት አንድ የእግር ኳስ ክለብ ነበረ። በዚያ ክለብ ውስጥ ሽብሩ ወልዴ የሚባል ተከላካይ ይጫወት ነበር። ተከላካይ ማለት እንግዲህ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲሠራ ማንም ስሙን የማያነሣው፣ አንዴ ሲሳሳት ግን ከተማው ሁሉ በአንድ አፍ የሚጠራው ሰው ነው። አጥቂ ዘጠኝ ስቶ አንድ ቢያገባ በትከሻ ይሸከሙታል። ተከላካይ ዘጠኝ አድኖ አንድ ቢያመልጠው እናቱ ገበያ ስትወጣ ትሰደባለች። ፍርዱ ልክ ነው አልልም። ያለው ግን ይኸው ነው፤ የፈለገ ይከራከር።

ሽብሩ ይህን ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ሠራው። አንድ ጊዜ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ጎድኑ ተሰብሮ፣ ደረቱን በነጠላ አስጠምጥሞ ጨዋታውን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ውስጥ ሕመም የሚያበዛ ሰው ሲገኝ «ሽብሩ በተሰበረ ጎድን ተጫውቷል፣ አንተ በጉንፋን ትተኛለህ?» ይሉት ጀመር። ከእሱ በኋላ የመጡትን ተከላካዮች ደግሞ «ኳሱ ቢያልፍ ሰውየው አይለፍ፣ ሰውየው ቢያልፍ ኳሱ አይለፍ» እያለ ይመክራቸው ነበር። ሰው ይወደው ነበር፤ ይፈራውም ነበር።

አሁን አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በዚያ ወንዝ ዳር ባሉ ከተሞች ውድድር፣ ኳሱ የግቡን መስመር አልፎ ይሁን ሳያልፍ ዳኛውም የመስመር ዳኛውም ካላዩት፣ ዳኛው ጨዋታውን ያቆምና ለግቡ ቅርብ የነበረውን ተከላካይ ይጠራዋል። ተከላካዩ ቀኝ እጁን በግቡ ቋሚ ላይ ያሳርፍና በእናቱ ስም ይምላል። «አልገባም» ካለ አልገባም፣ «ገብቷል» ካለ ገብቷል። አጥቂውን አያስምሉትም፤ ሽማግሌዎቹ «መሐላ ለተከሳሽ ነው» ይሉ ነበርና። የእግር ኳስ ሕግ ይህን አያውቀውም፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ቢያይ ይስቅ ይሆናል። እነሱ ግን በእርሻ ድንበርና በከብት ስርቆት ሲፋረዱበት የኖሩትን ነገር ሜዳ ላይ ቢያመጡት ነውር አልታያቸውም። እንዲያውም ከፊሽካው ይልቅ መሐላውን ያምኑት ነበር።

ሽብሩ በሃያ ስድስት ዓመቱ በዋንጫ ጨዋታ ላይ ነበር። ቡድኑ አንድ ለዜሮ እየመራ ጨዋታው ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከተጫዋች ግርግር መሐል የተመታች ኳስ የግቡን አግዳሚ ገጭታ ወደ ታች ወረደች። ሽብሩ ጠለዛት። መስመሩን አንድ ስንዝር ሙሉ አልፋ ነበር። እሱ አይቷታል፤ ሌላ ያየ አልነበረም። ዳኛው ጠራው። እጁን ቋሚው ላይ አሳረፈና «እናቴ አስካለ ትሙት፣ አልገባም» አለ።

ዋንጫው መጣ፣ ሰንጋ ተጣለ፣ ሦስት ቀን ተጨፈረ። በዚያው ክረምት እናቱ ወይዘሮ አስካለ በወባ ታመው በአራተኛው ቀን ሞቱ። የቆላ ወባ ስንቱን ወስዷል፤ ማንም ከመሐላው ጋር አላያያዘውም፣ የሚያውቅ አልነበረምና። ሽብሩ ግን አያያዘው። ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ። ቄሱ ጾሙንም ስግደቱንም ሰጡትና በመጨረሻ «ለእግዚአብሔር ነግረሃል፤ ለሰውም ንገር። ዋንጫቸውን የተነጠቁ ልጆች አሉ» አሉት። እሱን አልቻለም። ዛሬ፣ ነገ ሲል አንድ ዓመት አለፈ፣ ከዚያ አሥር ዓመት አለፈ። እስከዚያው ድረስ ሰው «ሐቀኛው ሽብሩ» እያለ በየሠርጉና በየእርቁ ላይ ሽማግሌ አድርጎ ያስቀምጠው ነበር። ወይ ጉድ! በየተቀመጠበት ወንበር ላይ ያቺ አንድ ስንዝር ትታየው እንደነበር ማን ይወቅለት።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው ከመጫወት ተሰናበተና አሰልጣኝ ሆነ። መጀመሪያ በምክትልነት፣ ኮርስ ከወሰደ በኋላ ደግሞ በዋናነት። ይህ ለተከላካይ ከባድ ሥራ ነው። በሜዳ ላይ ሳለ አደጋ ሲመጣ ሮጦ ይገባበታል፤ አሰልጣኝ ሲሆን ግን አደጋውን ከሁሉ ቀድሞ እያየ እጁን ኪሱ ከቶ ከመስመር ውጭ ይቆማል። በመጀመሪያው ዓመት፣ ኳስ በግብ ክልል ውስጥ ስትንከባለል ሳያስበው እግሩን እያነሣ ከጎኑ የተቀመጡትን ይራገጥ ነበር። እየሳቁበት ለመደው።

ሦስት ተከላካዮች ነበሩት። እነሱን ያሰለጠናቸው አገዳ በሚታሠርበት ገመድ ነው። ወገባቸውን በአንድ ገመድ አያይዞ ሜዳውን ወዲያና ወዲህ ያስሮጣቸው ነበር፤ አንዱ ሲወጣ ሁሉም እንዲወጣ፣ አንዱ ሲመለስ ሁሉም እንዲመለስ። ስምንት ዓመት እንዲህ ታስረው ሮጡ። ስለ ኳስ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው። «ጋሼ፣ ቋሚው ጋ ስንጠራ ምን እንበል?» ብለው ሲጠይቁት ግን «ያያችሁትን» ይልና ኳስ ሊለቅም ይሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ሁንዴ ነው። አምበሉ እሱ ነበር፤ በወፍጮ ክፍል ሠርቶ ያደገ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ቀልደኛና ቁጡ ሰው። ሁለተኛው ሎምባሞ ነው። አባቱ አገዳ ቆራጭ ሆነው ከከምባታ የመጡ ናቸው፤ እሱ ረጅም፣ የጭንቅላት ኳስ የማያመልጠው፣ ሽብሩን እንደ አባት የሚያይ። ሦስተኛው ዘርጋው ነው። ዝምተኛ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ብርቄ ግማሽ ጎናቸው ደንዝዞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበርና ከልምምድ በኋላ ከማንም ጋር ሳይቀመጥ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ቡድኑ ሳይቀናው ቀረና የመጨረሻው ጨዋታ የሞት ሽረት ሆነ። እኩል ከወጡ ይተርፋሉ፣ ከተሸነፉ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳሉ። ፋብሪካው ደግሞ ቡድኑ ከወረደ የተጫዋቾቹን ውል እንደማያድስ አስቀድሞ ተናግሯል። ጨዋታው በሜዳቸው ነበር። በዚያ ሳምንት አገዳ ይቆረጥ ነበርና ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ጭሱ ሜዳው ላይ ተኛ፣ ጥቁር አመድ በተጫዋቾቹ ማሊያ ላይ ይረግፍ ጀመር።

በስድሳኛው ደቂቃ ሁንዴ የሚያደርገውን አደረገ። የተጋጣሚው አጥቂ በረኛውን አታሎ ካለፈ በኋላ ኳሷን ወደ ባዶው ግብ ላካት። ሁንዴ ከመስመሩ ላይ ደረሰ፤ በእግሩም በራሱም አይደርስባትም። በሁለት እጁ ቀለባት፣ ልክ እንደ በረኛ። አልተከራከረም፣ አላስመሰለም። ቀይ ካርዱ ከኪስ ሳይወጣ የአምበልነት ጨርቁን ከክንዱ ፈትቶ ለሎምባሞ አሠረለት። ፍጹም ቅጣት ምቱ ሲመታ ከአግዳሚው በላይ ሄደ፤ ሕዝቡም ጮቤ ረገጠ። ሁንዴ በሽብሩ አጠገብ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ሌላ ምን ላድርግ?» አለው። ሽብሩም «ገብተህ ልበስ፣ ብርድ እንዳይመታህ» አለው። ኮርቶበትም አፍሮበትም ነበር፤ ያስተማረው ነውና።

በሰባ አምስተኛው ደቂቃ ሎምባሞ የሚያደርገውን አደረገ። ለጭንቅላት ኳስ ሲዘል ከአጥቂው ግንባር ጋር ተጋጨና የግራ ዓይኑ ተመታ። ደሙ በጉንጩ ወረደ። ወጌሻው አየውና «ቅንድቡ አይደለም፣ ዓይኑ ውስጥ ነው፤ ይውጣ» አለ። ሽብሩ ተቀያሪውን አስነሣ። ሎምባሞ ግን ወደ መስመሩ መጣና ውሃ ጠጥቶ ፎጣውን መለሰ።

«አልወጣም ጋሼ።»

«ውጣ ብዬሃለሁ።»

«እርስዎ በተሰበረ ጎድን አልጨረሱም?»

ሽብሩ ተቀያሪውን መልሶ አስቀመጠው። ልጁን ከነደሙ ለቀቀው። ሎምባሞ ራሱን በጨርቅ ታስሮ ተመለሰና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ግብ ሊሆን የነበረ ኳስ በግንባሩ አወጣ። ሁለተኛዋን ሲያወጣ ጨርቁ ወልቆ ወደቀ፤ አንሥቶ አሠረው።

በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ኳስ ከግራ ተሻገረች። ሎምባሞ በማያይበት ዓይን በኩል አንድ አጥቂ ሾልኮ ገባ፤ ሁንዴ ቢኖር የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ባዶ ነበር። አጥቂው በግንባሩ መታት፣ አግዳሚውን ገጨች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ዘርጋው በተረከዙ ጎትቶ አወጣት። ጭስ ነበር። ዳኛው አላየም፤ የመስመር ዳኛው ዓይኑን እያሸ እጁን ዘረጋ። ጨዋታው ቆመ።

ዳኛው «ዘርጋው፣ ና» አለ።

ሽብሩ ከተቀመጠበት ተነሣ። ኳሷን እሱም አላያትም። የዘርጋውን ፊት ግን አየና በሆዱ «ገብታለች» አለ። ዘርጋው ወደ ቋሚው ሄደ፣ ቀኝ እጁን አሳረፈ፣ ከዚያም ቀና ብሎ አሰልጣኙን አየው። ልብ በሉ፤ ሽብሩ ራሱን ቢነቀንቅለት አንድ ነገር ነው፣ ቢያወዛውዝበት ሌላ ነገር ነው። ሽብሩ መሬት አየ። ጫማው ላይ የወደቀውን አመድ እያየ ቆመ።

«እናቴ ብርቄ ትሙት፣ ገብቷል» አለ ዘርጋው።

አንድ ለዜሮ። ቡድኑ ወረደ።

ያን ቀን ዘርጋው ላይ የተወረወረውን የአገዳ ቁራጭ ለቅሞ ያሠረ ሰው ቢኖር ሁለት ሸክም ይሞላ ነበር። አጥሩን ነቀሉበት። «ውለታ ቢስ» አሉት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ክለብ ሊገባ ሲሞክር አንድ አሰልጣኝ በር ላይ አቁሞ «እውነተኛ ሰው ለጎረቤት እንጂ ለተከላካይነት አይሆንም፤ ነገ በእኔም ላይ ትመሰክራለህ» ብሎ መለሰው። ሁንዴ የአንድ ዓመት ቅጣት ተጣለበት፤ በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ማለት እስከ መጨረሻው ማለት ነው። የሎምባሞ የግራ ዓይን ብርሃን ጠፋ። ሐኪሙም «ያን ጊዜውኑ መጥተህ ቢሆን እናተርፈው ነበር» አለው። ሎምባሞ ይህን ለሽብሩ አልነገረውም፤ ሽብሩ ከወጌሻው ሰማው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ራሱን ሲረግም አደረ።

ክረምት ሲገባ ወይዘሮ ብርቄ ሞቱ።

ይህ ነው ሽብሩን የሰበረው። ለአሥራ ሰባት ዓመት «እናቴን የገደልኩት በሐሰት ምዬ ነው» ሲል ኖሯል፤ አሁን ደግሞ በእውነት የማለው ልጅ እናትም ሞተች። እንግዲህ መሐላው ምን ሠራ? በሐሰትም በእውነትም ያው ከሆነ ለምን ያን ሁሉ ዓመት ተቃጠለ? ወይስ እናቱን የወሰዳት ወባው ብቻ ኖሮ እሱ ኃጢአቱን በሌላ ቦታ ሲፈልግ ነው የኖረው? ማንን ብሎ ይጠይቅ።

ቀብሩ ላይ ከከተማው የወጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። በእኛ አገር ጠላት እንኳ ለቀብር ይወጣል፤ ያን ቀን ግን ሰው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሁንዴና ሎምባሞ መጡ። ሽብሩ መጣ። አስከሬኑን የሚሸከም ሰው አንሶ ግራ ሲጋቡ አንድ አውቶቡስ አቧራ እያስነሣ ደረሰ። በዘርጋው መሐላ አሸንፈው የሄዱት ተጫዋቾች ነበሩ፣ ከነአሰልጣኛቸው። ጥቁር ለብሰው ወረዱና ወይዘሮ ብርቄን በየተራ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው። ሽብሩ ከኋላ እየሄደ አለቀሰ። ለዘርጋው እናት ያለቀሰ መሰላቸው፤ እሱ ለእናቱ ነበር፣ በጊዜው ደንግጦ ላላለቀሰላት።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ፀዳለ አስጠሩት። ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው።

«አቶ ሽብሩ፣ ቡድኑን አናፈርሰውም። በአዲስ ተጫዋቾች ከታች እንጀምራለን። እርስዎ ይቆያሉ፤ አንድ ምክትል ይኖርዎታል። ኮርሱን እናስተምረዋለን፣ ከፋብሪካው መኖሪያ ቤት እንሰጠዋለን። ከሦስቱ ተከላካዮችዎ አንዱን ይምረጡ።»

«ሦስቱንም ማስቀረት አይቻልም?»

«አንድ ነው ያገኘሁት፣ እሱንም ለምኜ። እኔ አልመርጥም። ዓርብ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ስሙን ይናገራሉ፤ ለምን እንደመረጡትም ይናገራሉ። በኋላ ሐሜት አልፈልግም።»

ሽብሩ ስሙን መጥራት ብዙም አልፈራም። የፈራው ያችን «ለምን» ነው። ሦስቱን ልጆች ሜዳው ዳር ባለችው የማሊያ ክፍል ሰበሰባቸውና እንዲህ አላቸው፦ «ቦታው አንድ ነው። ከጀርባ ማንም ማንንም እንዳያማ፣ ያላችሁን እዚሁ ተናገሩ።»

ሁንዴ ቀደመ። «እኔ እርስዎ ያስተማሩኝን አደረግኩ። ሕግ ጥሻለሁ፤ ግን በአደባባይ ነው የጣስኩት፣ ቅጣቴንም እዚያው ተቀበልኩ። ማንንም አላታለልኩም። እኔ ያዳንኳት ኳስ ድና ቀርታለች። ከእኔ በኋላ የሆነውን ከእኔ አትቁጠሩት። ልጆቼም ከዚህ ክለብ በቀር የሚበሉበት የላቸውም።»

«አሥር ሆነን ባንቀር ያቺ ኳስ ትመጣ ነበር?» አለ ሎምባሞ።

«አንተ ብትወጣስ?» አለው ሁንዴ።

ሎምባሞ «እውነቱን ነው» አለ። «በታወረው ዓይኔ በኩል ነው ያለፈችው። ጋሼ ውጣ ብለውኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ሁንዴ የከፈለው ጨዋታ ነው፤ ዘርጋው የከፈለው ስም ነው፣ ስም ደግሞ እያደር ይመለሳል። እኔ ዓይኔን ነው የሰጠሁት፤ የሚመልስልኝ የለም። አገዳ እንዳልቆርጥ እንኳ በአንድ ዓይን ቆንጨራ አያስይዙኝም። ለማን ብዬ እንደታወርኩ ንገሩኝ።»

ዘርጋው በመጨረሻ ተናገረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እነዚህ ሁለቱ ያደረጉትን ለክለቡ አደረጉ። እኔ በክለቡ ላይ ነው ያደረግኩት፤ አልክድም። ስንት ጓደኛዬ ከሥራ ወጣ። ግን ነገ አዲሶቹ ተጫዋቾች ቋሚው ጋ ሲጠሩ ምን እንደሚሉ የሚያስተምራቸው ማን ነው? ኳስ በእጅ መያዝን ሁንዴ ያስተምራል። መቻልን ሎምባሞ ያስተምራል። እሱንስ?»

ሽብሩ አየው። «ዘርጋው፣ እናትህ ታመው ባይሆን ኖሮ በእውነት ትምል ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ። እጄ ቋሚው ላይ እያለ እሷን ነው ያሰብኩት። እውነትን ወድጄ ይሁን እሷን ፈርቼላት፣ ራሴን ጠይቄ አላገኘሁትም።» ከዚያም ቀና አለ። «እኔም አንድ ልጠይቅዎ። ያን ዕለት ሳይዎት ለምን መሬት አዩ?»

አሥራ ሰባት ዓመት የተሸሸገ ነገር በዚያች ክፍል ውስጥ ወጣ። ሽብሩ አላስረዘመውም። ስለ ዋንጫው፣ ስለ አንድ ስንዝሯ፣ ስለ እናቱ ስም ነገራቸው። «እንድትዋሽ ብፈልግ ኖሮ ራሴን አወዛውዝ ነበር። እውነቱን እንድትናገር ብፈልግ እነቀንቅልህ ነበር። ሁለቱንም ለማድረግ አፍ አልነበረኝም። ብቻህን ተውኩህ» አለው።

ሁንዴ «ታዲያ በክለቡ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለው ዋንጫ?» አለ።

«የእኛ አይደለም።»

«ይህን ዓርብ ከተናገሩት እርስዎም አይቆዩም። እርስዎ ካልቆዩ ምክትል የሚባል ነገር አይኖርም። ዘርጋውን መምረጥ ከፈለጉ ይምረጡት፣ እኔ አልቀየምም። ግን ያን ነገር ሆድ ይፍጀው።»

«እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው» አለ ሎምባሞ። «እኔ እንዲህ የሆንኩት የእርስዎን ስም ብዬ ነው። በማን ስም እንደታወርኩ ይታወቅ።» ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ ሽብሩ መለየት አልቻለም፤ ቀና ብሎ ሊያየውም አልደፈረም።



ዓርብ መጣ። የፋብሪካው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሽብሩ ወደ መድረኩ ወጣና ከሁሉ በፊት ያንን ተናገረ፤ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ሜዳ፣ እጁን ቋሚው ላይ አድርጎ በሐሰት እንደማለ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ አንድ ሰው «አንተም ዋሽተህ?» አለ፣ ጮክ ብሎ አይደለም። ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የእርስዎን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አሉ። «ዛሬ የተሰበሰብነው ለምክትሉ ነው። ስሙ ማን ነው?»

ሽብሩ ሦስቱን አየ። ሁንዴ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ እሱ የሠራው ሽብሩ ሲያስተምር የኖረውን ነው። ሎምባሞ በአንድ ዓይኑ ያየዋል፤ እሱ የሠራው ሽብሩ የተመሰገነበትን ነው። ዘርጋው ከበሩ አጠገብ ነው፤ እሱ የሠራው ሽብሩ ያልሆነለትን ነው። አንዱን ቢጠራ ሁለቱ ያለ ሥራ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሦስቱም ያን ቀን ያን ያደረጉት ግን እሱን አይተው ነው።

ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። በሕግ ጥሰት ኳሷን ያዳነውና ቅጣቱን የተቀበለው ይሻላል? ዓይኑን የሰጠውና በዓይኑ መጥፋት ግብ ያስቆጠረው ይሻላል? ወይስ እውነት ተናግሮ ቡድኑን ያወረደው፣ ለምን እንደተናገረ ግን ራሱም የማያውቀው? ሽብሩ አፉን ሊከፍት ነው። በእሱ ቦታ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ቦታው ለማን ይገባዋል ትላላችሁ?